ሶያ ስጋ ደሃ ቤት እንዴት ይግባ?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ናችሁ። ከእህቴ ጋር ሶያ ስጋ ከጅምላ እያመጣን በትንንሽ ላስቲክ አሽገን ለሰፈር ሱቆች እናስረክባለን፣ ሁዳዴ ሲገባ ወዲያው ነው የሚያልቀው ፋሲካ ካለፈ ግን መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም፣ የሚገዙን ድሮም ስጋ መግዛት የሚችሉት ናቸው። እንቁላል እንኳን የራቃት እናት ጋ እንዴት ነው የሚደርሰው?

ፉድ ሳይንስ የተማርኩ፦ ሶያ ስጋ ማለት ዘይቱ የወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት ኤክስትሩደር በሚባል ማሽን በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ የወጣ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ስጋ ለማስመሰል ነው። ደረቁ አኩሪ አተር ራሱ እኮ በ100 ግራም 36 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለው፣ ሽምብራ 20 አካባቢ። ስለዚህ አኩሪ አተሩን ሽሮ ውስጥ አስገቢው፣ ሽሮ የማይበላ ቤት የለም። በንጉሡ ዘመን የተጀመረው ፋፋም እህልና ጥራጥሬ ቀላቅሎ ነው ህፃን ያሳደገው። ጥሬውን ግን እንዳትጠቀሚ፣ ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚያደርግ ነገር አለው፣ ሙቀት ነው የሚያጠፋው።

የሦስት ልጆች እናት፦ እህቴ እኔ ሠርቼዋለሁ። ዝም ብለሽ ቆልተሽ ካስፈጨሽው ጥሬ ጥሬ ይላል ልጆቹ አይነኩትም። ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፣ ግማሽ ሰዓት እቀቅላለሁ፣ ውሃውን ደፍቼ ልጣጩን በእጄ አሽቼ አወጣለሁ፣ ፀሐይ ላይ ድርቅ ካለ በኋላ ነው የምቆላው። ብቻውን ወፍጮ ቤት አትውሰጂው፣ ዘይት ስላለው ድንጋዩ ላይ ይለጠፍና ባለወፍጮው ይቆጣሻል። አራት እጅ ሽምብራ አንድ እጅ አኩሪ አተር፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርቱ እንደ ወጉ። ብዙም አታስፈጪ፣ ሲቆይ ሽታው ይለወጣል።

የፓዌ ልጅ፦ እኛ ጋ አኩሪ አተር ማሳ ሙሉ ነው፣ ያመረተው ገበሬ ቤት ግን ወጥ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ነጋዴ ይሰበስበዋል፣ ወይ ውጭ ይላካል ወይ ዘይት ፋብሪካ ይገባል፣ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ ለዶሮ። ገበሬውን አዘራሩን እንጂ አበሳሰሉን ያስተማረው የለም፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ዋጋ ማውረድ ከፈለጋችሁ አምስት ስድስት ሆናችሁ በኩንታል ከገበሬዎች ዩኒየን ግዙ፣ ደላላ ሳይገባበት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ቅዳሜ በአምስት ኪሎ እሞክራለሁ፣ ከሱቅ በፊት ጎረቤቶቼን ነው የማቀምሰው። የፓዌው ወንድሜ፣ አዲስ ምርት መቼ ነው የሚደርሰው?

የፓዌ ልጅ፦ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ፣ ያኔ ነው መግዛት።