የማይንክራፍት ማኅበረሰባችን አዲስ ድረ ገጽ፦ ገጹ ይከፈታል፣ ጨዋታው ግን አይገናኝም

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች። ለማይንክራፍት ጃቫ እትም ሰርቨራችን አዲስ ድረ ገጽ እየሠራን ነው። ዶሜኑን (የገጹን አድራሻ ስም) ክላውድፍሌር ላይ (የዶሜን ሪከርዶችን የሚያስተዳድርና ትራፊክን በራሱ በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ካደረግነው ወዲህ በዚያው ስም ጨዋታው ውስጥ መግባት አልተቻለም። ምን እናስተካክል?

መልስ 1፦ ችግሩ ብርቱካናማዋ ደመና ናት፤ ክላውድፍሌር ላይ ከሪከርዱ አጠገብ ያለች፣ ፕሮክሲው (ትራፊክን በመሃል ሆኖ የሚያሳልፈው) መብራቱን የምታሳይ ምልክት። ፕሮክሲው በነባሪ የሚያሳልፈው የድር ትራፊክ ብቻ ነው፤ ማይንክራፍት የሚመጣው ደግሞ በቲሲፒ ፖርት 25565 ነው። ለጨዋታው ንዑስ ዶሜን ክፈቱ፣ ኤ ሪከርዱን (ስምን ከአይፒ አድራሻ ጋር የሚያገናኘውን) ወደ ሰርቨሩ አይፒ አዙሩና ደመናዋን ግራጫ አድርጓት፤ ያኔ ፕሮክሲው ይጠፋል። ተጫዋቾች የለመዱትን ስም እንዲጽፉ ከፈለጋችሁ ኤስአርቪ ሪከርድ (ጨዋታው ከየትኛው ሰርቨርና ፖርት ጋር እንደሚገናኝ የሚነግር) ጨምሩ፤ መድረሻው ያ ንዑስ ዶሜን፣ ፖርቱ 25565።

መልስ 2፦ ትክክል፣ ግን ግራጫዋ ደመና አይፒውን ታጋልጣለች። ገጹና ጨዋታው አንድ ማሽን ላይ ካሉ ጥቃት ሲመጣ አብረው ይወድቃሉ። እባካችሁ ለያዩአቸው። የአርኮንን (ሰርቨሩን ከርቀት ማዘዣ) ፖርት 25575ም በፋየርዎል ዝጉ፤ የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው።

መልስ 3፦ ከጥያቄው ውጪ ቢሆንም፣ ለአዲሱ ገጽ የማይኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ሠንጠረዦቹን ከወዲሁ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (ኢሞጂንም የሚይዝ የፊደል ኮድ) አድርጓቸው። በአሮጌው ባለ 3 ባይት ዩቲኤፍ8 ፊደላችን ይገባል፣ ባለ 4 ባይቱ ኢሞጂ ግን አይገባም። ላቲን1 (የግዕዝ ፊደል የሌለበት አሮጌ ኮድ) ከሆነማ «ሰላም» «???» ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። ከማዛወራችሁ በፊት ባክአፕ ያዙ።