ናዚዎች ግብረ ሰዶማውያን ነበሩ ወይስ አሳዳጆቻቸው? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው መነሻ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አጭር ቪዲዮ ነው። ተናጋሪው «የናዚን ፓርቲ የመሠረቱት ግብረ ሰዶማውያን ናቸው፤ የአይሁድንም እልቂት ያመጡት እነሱ ናቸው» ይላል። ጥያቄው ይህ እውነት ነው ወይ የሚል ብቻ ነው። ስለ ግብረ ሰዶም ያለን አቋም ለሌላ ቀን ይቆየን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። የተሳደበ ይወጣል።

ዘካርያስ፦ እኔ ልጀምር። ሰውየው ጨርሶ ዋሸ ማለት አይቻልም። ኤርንስት ሮህም ማን ነበር? የኤስኤ፣ የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ቡድን፣ አዛዥ። እነዚያ ቡናማ ሸሚዝ ለብሰው ጎዳና ላይ ሰው የሚደበድቡት የሱ ልጆች ናቸው። ሂትለርን «አንተ» ከሚሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ግብረ ሰዶማዊነቱም ሐሜት አይደለም፤ በ1932 የራሱ ደብዳቤዎች ታትመው ወጥተዋል። ከሥሩ የነበረው ኤድመንድ ሃይነስም እንደሱው ነው። ሂትለር ይህን ሁሉ እያወቀ ዝም አለ። ታዲያ ፓርቲው አሳዳጅ ነበር የምትሉን ከምን ተነስታችሁ ነው?

ሳምራዊት (ፍራንክፈርት)፦ ዘካ፣ የሮህምን ነገር ማንም አይክድህም። ግን ታሪኩን መሀል መንገድ ላይ ጥለኸው ሄድክ። መጨረሻውን እኔ ልንገርህ።

ሰኔ 30 ቀን 1934፣ ገና በጠዋቱ። ሮህም ባድ ቪሴ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ሆቴል ውስጥ ተኝቷል። ሂትለር ራሱ ሽጉጥ ይዞ መጥቶ ቀሰቀሰው። ሃይነስን ከአንድ ወጣት ጋር አልጋ ላይ አገኙት። ሁሉንም ሙኒክ ወዳለው ሽታደልሃይም እስር ቤት ወሰዷቸው። በማግስቱ ሁለት የኤስኤስ (በሂምለር የሚመራው ሌላው የናዚ ታጣቂ ኃይል) መኮንኖች የሮህም ክፍል ገቡ፣ ሽጉጥ አስቀመጡለትና ወጡ። ራስህን ግደል ማለታቸው ነው። ቢጠብቁ ቢጠብቁ ተኩስ የለም። ተመልሰው ገብተው ራሳቸው ገደሉት። አንደኛው ቴዎዶር አይከ ነበር፣ የዳካው ማጎሪያ ካምፕ አዛዥ። ብዙም ሳይቆይ የካምፖች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። እንግዲህ ፓርቲው የሮህም ወገኖች ነበር ካልክ፣ ሮህምን የገደለውስ ማን ነው?

ዘካርያስ፦ እርስ በርስ ተባሉ ነዋ! ያውም ሂትለር የታገሰው ለስንት ዓመት ነው? በአንድ ሌሊት ሥነ ምግባር ትዝ አለው?

ጋሽ ተሾመ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ሥነ ምግባር ትዝ ብሎት አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ኤስኤ በዚያን ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ነበረው። መደበኛው ጦር ግን በቬርሳይ ውል 100 ሺህ ብቻ እንዲሆን ተወስኖበታል። ሮህም ጦሩን በኤስኤ ሊያስውጠው ፈለገ። ጄኔራሎቹ ተቆጡ። ሂትለር ደግሞ ለሚያስበው ጦርነት ጄኔራሎቹን ይፈልጋል። የሂትለር ሹሞች ጎሪንግና ሂምለርም የሮህምን ወንበር ሲያዩት ከርመዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

የሟቾቹን ዝርዝር ተመልከት። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሽላይኸር ከሚስቱ ጋር ቤቱ ውስጥ ተገደለ። በ1923 የሂትለርን መፈንቅለ መንግሥት ያከሸፈው ጉስታፍ ፎን ካር ተገደለ። የካቶሊኮች መሪ የነበረው ኤሪሽ ክላውዘነር ተገደለ። እነዚህም ግብረ ሰዶማውያን ነበሩ ልትል ነው? ያ ሌሊት የቂም መወጫ ነበር። ብልግናው ሕዝብ እንዲያጨበጭብ የተለጠፈ ታፔላ ነው።

ከዚያ በፊት ታገሰው ያልከው ግን ልክ ነህ። በ1931 ስለ ሮህም አቤቱታ ሲበዛበት፣ ኤስኤ የጨዋ ልጆች ማሳደጊያ ሳይሆን የተዋጊዎች ማኅበር ነው ብሎ በጽሑፍ መልሷል። ሰውየው እስከጠቀመው ድረስ ግድ የለውም ነበር። ፓርቲው ግን ገና በ1928፣ ምርጫ ሊደረግ ሲል ስለ ግብረ ሰዶም አቋሙን ሲጠየቅ፣ ይህን የሚያስብ ሁሉ ጠላታችን ነው ብሎ መልሷል።

ዘካርያስ፦ እሺ፣ የበርሊኑን የሂርሽፌልድ የወሲብ ጥናት ተቋምስ? ገና ሥልጣን እንደያዙ ያቃጠሉት የራሳቸው ባለሥልጣናት የታካሚ ፋይል እዚያ ስለነበረ ነው ይባላል። ማስረጃ ለማጥፋት።

ሳምራዊት፦ «ይባላል» ላይ ተይዘሃል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ። እስቲ የሆነውን ብቻ እንይ። ማግነስ ሂርሽፌልድ ሐኪም ነው፤ አይሁዳዊ ነው፤ ፖለቲካው ወደ ግራ ያዘነብላል። ግብረ ሰዶምን ወንጀል የሚያደርገው አንቀጽ 175 እንዲሻር ከ1897 ጀምሮ ፊርማ ሲያሰባስብ የኖረ ሰው ነው። ተቋሙን በ1919 ከፈተ። በ1920 ደግሞ ሙኒክ ላይ ቀኝ ዘመሞች ደብድበው ሞተ እስኪባል ድረስ ጥለውት ሄደዋል። ናዚዎች ሊጠሉት ምክንያት መፈለግ አለባቸው?

ግንቦት 6 ቀን 1933 ተማሪዎች ተቋሙን ወረሩ። ያውም በባንድ ሙዚቃ ታጅበው። ከሰዓት በኋላ ኤስኤዎች ተጨመሩ። ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱ ኦፐርንፕላትስ በሚባለው አደባባይ ከሌሎች ጋር ነደዱ። የሂርሽፌልድን የነሐስ ጭንቅላት እንጨት ላይ ሰክተው በችቦ ሰልፍ ይዘውት ዞሩ። ምስጢር የሚያጠፋ ሰው በባንድና በሰልፍ ነው እንዴ የሚያጠፋው? ሂርሽፌልድ ያን ጊዜ ውጭ አገር ነበር። የራሱ ተቋም ሲወድም ፓሪስ ሲኒማ ቤት ውስጥ በዜና ፊልም አየው። አገሩን ሳያይ በ1935 ኒስ ላይ ሞተ።

ማህሌት፦ እኔ ሕግ ስለተማርኩ ወደ አንቀጹ ልግባ። አንቀጽ 175ን የፈጠሩት ናዚዎች አይደሉም፣ ከ1871 ጀምሮ የነበረ ነው። በፊት ግን ፍርድ ቤት ለመቅጣት የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚመስል ድርጊት መረጋገጥ ነበረበት። በ1935 ናዚዎች ሲያሻሽሉት ይህ ቀረ። መነካካት በቃ። ኋላ ላይ ፍርድ ቤቶቹ ሳይነካኩም መቅጣት ጀመሩ። ከባድ ለሚሉት እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ አዲስ አንቀጽም ጨመሩ።

ውጤቱን እዩት። በ1933 የተፈረደባቸው አንድ ሺህ አይሞሉም። በ1938 ከ8 ሺህ በላይ ናቸው። በ1936 ሂምለር ለዚሁ ጉዳይ ማዕከላዊ ቢሮ አቋቋመ፤ የሥራ ድርሻው ግብረ ሰዶምንና ፅንስ ማስወረድን መዋጋት ነው። ሁለቱ ለምን አንድ ቢሮ ውስጥ ገቡ? ሂምለር የሚቆጥረው የሚወለደውን ሕፃን ነውና። ለሱ ሁለቱም ከጀርመን ዘር ላይ መስረቅ ነበር።

በ12ቱ የናዚ ዓመታት 100 ሺህ ያህል ወንዶች ታስረዋል፣ ግማሽ ያህሉ ተፈርዶባቸዋል። ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ የሚሆኑት ካምፕ ገብተዋል። ልብሳቸው ላይ ሮዝ ሦስት ማዕዘን ተሰፋባቸው። ከዛክሰንሃውዘን ካምፕ አጠገብ ክሊንከርቬርክ የሚባል የጡብ ፋብሪካ ነበር። በ1942 በአውሮፓ በጋ ወደዚያ ለሸክላ ቁፋሮ የተላኩት ሮዝ ለባሾች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሆን ተብሎ አለቁ፤ ወደ 200 ይጠጋሉ። ቡኸንቫልድ ካምፕ ደግሞ አንድ ዴንማርካዊ ሐኪም «እፈውሳችኋለሁ» እያለ ሆርሞን ይቀብርባቸው ነበር። ይህን ያደረገ መንግሥት የነሱ መንግሥት ነበር ማለት ትንሽ አይከብድም?

ይርጋ (ሪሾን ለጺዮን)፦ ሁላችሁንም አነበብኩ። ቪዲዮው ውሸት ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ጫፍ ነው። ልጆቻችን እዚህ ትምህርት ቤት ስለ ሾአ፣ ስለ አይሁድ እልቂት፣ ይማራሉ። ስድስት ሚሊዮን ሰው ነው ያለቀው፤ ሕፃን ከሽማግሌ ሳይለይ። አሁን አንዳንዱ «ግብረ ሰዶማውያንም እኩል እልቂት ደርሶባቸዋል፣ ሩብ ሚሊዮን አለቁ» ሲል እሰማለሁ። ይህስ ማጣመም አይደለም?

ሳምራዊት፦ ነው ወንድም ይርጋ። ልክ ነህ። ያ ቁጥር በ1970ዎቹ ብዙ ይባል ነበር፤ መዝገብ ሲመረመር አልቆመም። ልዩነቱም የቁጥር ብቻ አይደለም። አይሁዳዊን ከፓሪስም ከሮድስ ደሴትም ለቅመው አምጥተው ገድለዋል። ግብረ ሰዶማዊን በያዙት አገር ሁሉ እየዞሩ አልፈለጉም፤ ጉዳያቸው የጀርመን «ደም» ነበር። ፖላንዳዊ ከፖላንዳዊ ጋር ቢተኛ ለሂምለር ብዙም አያስጨንቀውም። ጀርመናዊውም ቢሆን «ይስተካከላል» ተብሎ የሚታሰብበት ጊዜ ነበር፤ ራሱን ካኮላሸ የሚለቀቅም አለ። አይሁዳዊ እንዲህ ያለ በር አልነበረውም። ሴቶችም በአንቀጽ 175 አይከሰሱም ነበር፤ በኦስትሪያ ሕግ ግን ይከሰሱ ነበር። ስለዚህ ስደት ነው፣ ግድያ ነው፣ ግን ሾአ አይደለም።

ይርጋ፦ እንዲህ ከሆነ ተስማምተናል።

ጋሽ ተሾመ፦ እኔ አንድ የሚገርመኝን ልጨምር። ብዙ ሰው ይህን ወሬ የፈረንጅ ወግ አጥባቂዎች ፈጠራ ያደርገዋል። እኔ በወጣትነቴ ሞስኮ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ያወሩት ግራ ዘመሞቹ ናቸው። የሮህምን ጉዳይ ገና በ1931 ጋዜጣ ላይ ያወጣው የሙኒክ የሶሻል ዴሞክራቶች ጋዜጣ ነው። በ1933 ራይሽታግ፣ የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ፣ ሲቃጠል፣ ኮሚኒስቶቹ በስደት ባሳተሙት መጽሐፍ የተያዘውን ሆላንዳዊ፣ ፋን ደር ሉበን፣ የሮህም ክበብ ወንድ ወዳጅ ነው ብለው ጻፉ። በ1934 ደግሞ የሶቭየቱ ታላቅ ደራሲ ማክሲም ጎርኪ ራሱ፣ ግብረ ሰዶማውያንን አጥፉ ፋሺዝምም ይጠፋል የሚለውን አባባል የኮሚኒስት ፓርቲው ጋዜጣ ፕራቭዳ ላይ ጠቀሰው። በዚያው ዓመት ሶቭየት ኅብረት ድርጊቱን በመላ አገሪቱ ወንጀል አደረገችው። ክላውስ ማን፣ ናዚን ሸሽቶ የተሰደደው ደራሲ፣ ያኔውኑ ጓዶቹን ተቃውሞ ጽፏል። ሰሚ አላገኘም።

እና አንዱ ሲጥለው ሌላው አነሳው። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይህንኑ ወሬ መጽሐፍ አደረጉት። የታሪክ ምሁራን አልተቀበሉትም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ስኮት ላይቭሊ በመጋቢት 2009 ካምፓላ ሄዶ ሰበከ። በዚያው ዓመት በጥቅምት የሞት ቅጣት ያለበት ረቂቅ ሕግ ለኡጋንዳ ፓርላማ ቀረበ። ቪዲዮው ውስጥ የሰማኸው ቃል በቃል የዚያ መጽሐፍ ነገር ነው። እኔ በሃይማኖቴ ድርጊቱን አልቀበልም፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን «በሐሰት አትመስክር» የሚለውም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው።

ዘካርያስ፦ ጋሼ፣ እኔ አሁንም የምለው አንድ ነው። ናዚ ውስጥ ግብረ ሰዶማውያን ነበሩ። ይህን ማለት ለምን ያስቆጣል?

ማህሌት፦ ማንም አልተቆጣም። ነበሩ። ባለትዳርና የልጆች አባት የሆኑ ናዚዎችም ነበሩ፣ ያውም እጅግ የሚበዙት። የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ከሚስቱ ከማግዳ ስድስት ልጆች ወልዷል። ከዚህ ተነስቶ «ናዚን ያመጣው ትዳር ነው» የሚል ቪዲዮ አልደረሰኝም።

ዘካርያስ፦ 😂 እሺ እሱን ይዤልሻለሁ። ግን ይህን ያህል ከተሠቃዩ ከጦርነቱ በኋላ ለምን ማንም አላነሳውም? የናዚ መሪዎች በተዳኙበት ኑረምበርግ ላይ እንኳ ስማቸው አልተጠራም።

ሳምራዊት፦ ምክንያቱም ሕጉ አልተሻረም። ምዕራብ ጀርመን ናዚ ያጠበቀውን አንቀጽ 175 እንዳለ ይዛ ቀጠለች። ከካምፕ ወጥተው የቀረ ቅጣታቸውን እንዲጨርሱ የተደረጉ ሰዎች አሉ። በ1957 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ራሱ ሕጉ ችግር የለበትም አለ። እስከ 1969 ድረስ 50 ሺህ ያህል ሰው በዚሁ አንቀጽ ተፈርዶበታል። ምሥራቅ ጀርመን በ1950 ወደ ድሮው አንቀጽ ተመለሰች፣ በ1968 ተወችው። ከዚህ በኋላ ማን ወጥቶ «እኔ ሮዝ ለብሼ ነበር» ይላል? ካሳ ልጠይቅ ብሎ ቢሮ መግባት ወንጀልን ማመን ነበር። አንቀጹ ጨርሶ የተሰረዘው በ1994 ነው። የናዚ ዘመን ፍርዶች በ2002፣ ከጦርነቱ በኋላ የተሰጡት ደግሞ በ2017 ተሰረዙ። ለአንድ ፍርድ 3 ሺህ ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ የእስር ዓመት 1,500 ዩሮ። የጠየቀው ሰው ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ነበር፤ አብዛኛው ሞቷል።

ዘካርያስ፦ በ2017? ወይ ጉድ። የቪዲዮውን ሰውዬ አሁንም ሙሉ በሙሉ ዋሸ አልልም፣ የሮህም ነገር አለ። «እልቂቱን ያመጡት እነሱ ናቸው» የሚለውን ግን ይዤ አልከራከርም።

አወያይ፦ ቪዲዮውን እዚህ የለጠፈው አባል እስካሁን ድምፁን አላሰማም። ለሁለተኛው አባባል ምንጭ ካለው እስከ እሑድ ማታ ያምጣ፤ ካላመጣ ልጥፉ ይነሳል። ጋሽ ተሾመ፣ የክላውስ ማንን ጽሑፍ ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ ጠቅለል አድርገው ቢያካፍሉን ብዙ ሰው በውስጥ ጠይቆኛል።

ጋሽ ተሾመ፦ የዓይኔ ነገር ነው እንጂ እሞክራለሁ። ማህሌት ትይብልኝ፣ እኔ አነብላታለሁ።