ስለ ሰክሽን (የሕመምተኛን አክታ በመሳቢያ ስቦ ማውጣት) የጋራ ሐሳባችን፦ ማሽን ከመጠየቃችን በፊት

ሰብሳቢዋ፦ እህት ወንድሞቼ፣ ሐሳባችን ዓርብ ይገባል። ረቂቁ የሚጀምረው «አራት አዲስ የሰክሽን ማሽን ይገዛልን» ብሎ ነው። እኔ አልተዋጠልኝም። ያሉንንስ በወጉ እየሠራንባቸው ነው?

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ እውነት ነው ሲስተር። ድሮ በሠራሁበት ቦታ ጌጁን፣ የግፊት መለኪያውን፣ እስከ ጥግ ከፍተን ነበር የምንሠራው። አክታው ቶሎ የሚወጣ መስሎን። አንድ ሌሊት ካቴተሩ፣ አክታ የሚስበው ቀጭን ቱቦ፣ ደም ይዞ መጣ። ለአዋቂ ከ80 እስከ 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የመሳብ ግፊት ይበቃል። ጌጁን የምናስተካክለውም የማሽኑን ቱቦ ጫፍ በጣት ዘግተን ነው፤ ክፍት እያለ የሚያሳየው ቁጥር ያታልላል። ካቴተሩም አይወፍር። ለ8 ቁጥር የመተንፈሻ ቱቦ 12 ቁጥር ካቴተር ነው፤ የሁለቱ ቁጥር መለኪያው ይለያያል።

ከሕፃናት ክፍል፦ ለጨቅላ 120 አይታሰብም! ከ60 እስከ 80 ብላችሁ ለብቻው ጻፉልኝ።

ከቀዶ ሕክምና ዋርድ፦ «በየሁለት ሰዓቱ ሰክሽን» የሚለው ትእዛዝስ? ሰክሽን አንቲባዮቲክ አይደለም፣ በሰዓት አይሰጥም። ደረቱ ሲንኮረኮር፣ አክታው ሲታይ፣ ሳቹሬሽን (የደሙ የኦክስጅን መጠን) ሲወርድ ነው የሚደረገው። በገባን ቁጥር ኦክስጅኑን እንቀንስበታለን። የልብ ምቱም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ መቶ በመቶ ኦክስጅን። ስንገባ ሳንስብ፣ ስንወጣ እየሳብን። ገብቶ መውጣቱ ከ15 ሰከንድ አይለፍ። እኔ የራሴን ትንፋሽ ይዤ ነው የምሠራው፤ እኔን ሲጨንቀኝ እሱንም ጨንቆታል ማለት ነው። በቱቦው ሴላይን (የሕክምና ጨው ውኃ) ጠብ ማድረጉም እንደ ልማድ ይቅር።

ከዘጌ በኩል፦ ሁሉም ጥሩ። መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሕመምተኛ በጀልባ ነው ወደ ባሕር ዳር የምንልከው። ጣና ላይ ሶኬት የለም። በእግር የሚረገጠው ይሻለናል።

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ ወንድማችን ልክ ነው። ከአራቱ ሁለቱ የእግር ይሁኑ።

ሰብሳቢዋ፦ ተስማማሁ። አንደኛው አንቀጽ ሥልጠናና በየማሽኑ ላይ የሚለጠፍ የግፊት ልክ ሆነ፤ የጨቅላው በተለየ ቀለም። ሁለተኛው «በየሁለት ሰዓቱ» ተሰርዞ «ሲያስፈልግ» ይላል፤ ምልክቶቹ ከሥሩ ይዘረዘራሉ። ግዢው መጨረሻ፦ ሁለት የኤሌክትሪክ፣ ሁለት የእግር። የዘጌው፣ ጀልባዋ ላይ የት እንደሚቀመጥ ለክተህ እስከ ሐሙስ ላክልኝ።

ከዘጌ በኩል፦ ነገ ስሻገር እለካዋለሁ።