ከሠርጉ በኋላ ተራርቀን ነው የምንኖረው፤ ለአውስትራሊያ ፓርትነር ቪዛ (309) ትዳራችንን በምን እናስረዳ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አውስትራሊያ ነኝ፣ ባለቤቴ ውጭ አገር ነው። በሕግ ተጋብተናል፤ ከሠርጉ በኋላ ግን አብረን የቆየነው የዓመት ፈቃዴ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው። አሁን 309 ልናስገባ እየተዘጋጀን ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጋራ የኪራይ ውል፣ ስለ ጋራ የባንክ ሂሳብና በሁለት ሰው ስም ስለሚመጣ የመብራት ቢል ነው። እኛ ጋ አንዱም የለም። ያለን የቴሌግራም ጽሑፍ፣ የስልክ ጥሪና ፎቶ ነው። ገንዘብም አንዳንዴ በሰው እጅ ስለምልክ ደረሰኝ የለኝም። አብረን ባለመኖራችን ውድቅ ያደርጉብናል? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ እንቅልፍ ነው ያጣሁት።

መልስ 1

እህቴ አይዞሽ። የ1958ቱ የአውስትራሊያ የማይግሬሽን ሕግ ባልና ሚስት የግድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኑሩ አይልም። ወይ አብረው የሚኖሩ፣ ወይ ደግሞ «በቋሚነት ተለያይተው የማይኖሩ» መሆን አለባቸው ነው የሚለው። አንቺን የሚመለከትሽ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራሽ መራራቃችሁ ጊዜያዊ መሆኑን፣ ምክንያቱንና መቼ እንደሚያበቃ ማሳየት ነው። ተጋብታችኋልና የ12 ወሩ የዲፋክቶ (ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ሰዎች) መስፈርትም አያሳስብሽ።

ኬዝ ኦፊሰሩ (ማመልከቻችሁን የሚመረምረው ሠራተኛ) አራት ነገር ያያል፦ የገንዘብ ጉዳያችሁን፣ የቤት ውስጥ ኑሯችሁን፣ በሰው ዘንድ እንደ ባልና ሚስት መታወቃችሁን፣ አንዳችሁ ለሌላው ያላችሁን ቁርጠኝነት። የቤቱ ክፍል ቢሳሳ በሌሎቹ ይካካሳል፤ ባዶውን ግን እንዳትተዪው። አብራችሁ በነበራችሁበት ጊዜ የት እንዳረፋችሁ፣ ወጪውን ማን እንደሸፈነ፣ ሲመጣ የት እንደምትኖሩ ጻፉ። በሁለታችሁ ስም የተያዘ ሆቴል ወይም የአውሮፕላን ቲኬት ካለ አያይዢው።

መልስ 2

እኔ ስለ ቻቱ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚደክመው እዚያ ላይ በከንቱ ነው። የዓመታት ጽሑፍ እንዳለ አውርዶ መጫን ምንም አይጠቅምም። ማመልከቻው በሚገባበት ድረ ገጽ፣ ኢሚአካውንት ላይ አንድ ፋይል ከ5 ሜጋባይት መብለጥ አይችልም፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ የሆነው ሁሉ ደግሞ መተርጎም አለበት። አውስትራሊያ ውስጥ ካስተረጎምሽ ተርጓሚው የናቲ (ለተርጓሚዎች ማረጋገጫ የሚሰጠው የአውስትራሊያ ድርጅት) ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ እሱ ደግሞ የሚያስከፍለው በገጽ ብዛት ነው። ስለዚህ መርጠሽ አውጪ። ከተዋወቃችሁበት እስከምታስገቡበት ድረስ ከየወሩ ጥቂት ጥቂት ውሰጂ፤ መሐል ላይ የተዘለለ ረጅም ጊዜ እንዳይኖር።

ስክሪንሾት ስታነሺ ስሙም ቀኑም ይታይ። ቴሌግራም ቀኑን ከመልእክቶቹ በላይ መሐል ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ እሱ እስኪመጣ ወደ ላይ ገፋ አድርጊና አንሺው። ስትመርጪም «ናፈቅሽኝ» ብቻ የሞላበትን ተዪው። የጥርስ ሕመሙ እንዴት እንዳደረ፣ ኪራይ መከፈሉን፣ እናትሽ ሐኪም ቤት ሄደው ምን እንደተባሉ የተጠያየቃችሁበት ይበልጣል። እንዲህ ያለ ወሬ ለቪዛ ተብሎ አይጻፍም፣ አንባቢውም ያውቀዋል። የጥሪ ዝርዝሩንም ጨምሪ፤ ቆይታው በደቂቃ የሚታይበትን።

መልስ 3

በሰው እጅ ስለላክሽው ገንዘብ፦ የሆነውን እንደሆነ ጻፊ። በማን በኩል፣ መቼ ገደማ፣ ለምን ጉዳይ እንደላክሽ በመግለጫሽ አስፍሪና በዚያ ሰሞን «ደርሶኛል» ያለበትን መልእክት አያይዢ። ያደረሰው ሰው ፈቃደኛ ከሆነ አጭር ደብዳቤ ቢጽፍ ጥሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን በባንክ ላኪ። የጋራ ሂሳብ ክፈቱ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ገንዘብ የማይገባበትና የማይወጣበት ሂሳብ ግን ምንም ክብደት የለውም። ከዚያ ይልቅ የሱፐር (የጡረታ) ገንዘብሽ ወራሽ አድርገሽ አስመዝግቢው፤ መሥሪያ ቤትሽም ባለትዳር ብሎ ይመዝግብሽ።

አንድ ነገር አደራ፦ የሌለ ውል ወይም ደረሰኝ እናሠራልሽ የሚልሽን አትስሚ። ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ ቪዛው ይከለከላል፤ በዚህ ምክንያት ለ3 ዓመት ሌላ ቪዛም ሊከለከል ይችላል። እውነተኛ ትዳር ይዛችሁ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ መግባት ያሳዝናል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ቀለል አለኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ሠርጋችን ላይ የነበሩት ሁሉ ውጭ ናቸው፤ እዚህ ያሉ ጓደኞቼ እሱን የሚያውቁት በቪዲዮ ጥሪ ብቻ ነው። ፎርም 888ን (ትዳራችንን የሚያውቁ ሰዎች የሚሞሉትን የምስክርነት ቅጽ) እነሱ ቢሞሉ ያስኬዳል? የግንኙነታችንን ታሪክስ አንድ ላይ እንጻፈው?

መልስ 1

ያስኬዳል። 18 ዓመት የሞላቸውና ትዳራችሁን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይሙሉት፤ መታወቂያቸውንም ያያይዙ። ያላዩትን እንዳዩ አድርገው እንዳይጽፉ። «ማታ ማታ ስንሰበሰብ ይደውልላታል፣ እኔንም በስሜ ይጠራኛል» የሚል አንድ መስመር «በጣም ይዋደዳሉ» ከሚል ሙሉ ገጽ ይሻላል። ውጭ ያሉት የሠርጉ ታዳሚዎችም ደብዳቤ ይጻፉላችሁ፤ ተጨማሪ ነው።

መግለጫውን ለየብቻችሁ ጻፉ። እንዴት እንደተዋወቃችሁ፣ መቼ ለመጋባት እንደወሰናችሁ፣ ተራርቃችሁ የቆያችሁበትን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፋችሁት፣ የወደፊት ዕቅዳችሁን። ቃል በቃል አንድ ዓይነት እንዳይሆን፤ ቀኖቹ ግን መግጠም አለባቸው። እሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንቺ በፈረንጅ አስባችሁ ከጻፋችሁ ትዳራችሁ ሁለት የተለያየ ቀን ያለው ይመስላል። ሁሉንም ወደ ፈረንጁ ቀይራችሁ ከጋብቻ ሰርተፍኬቱና ከፓስፖርቱ ማኅተም ጋር አመሳክሩት።

ሌላ አባል

ይቅርታ፣ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። እኛ ገና አልተጋባንም፣ እጮኛሞች ነን፤ የተዋወቅነውም በኢንተርኔት ነው። 309 ማስገባት እንችላለን?

መልስ 2

በኦንላይን ብቻ የቆየ ግንኙነት ለዲፋክቶው 12 ወር ላይቆጠርላችሁ ይችላል። ለእናንተ የሚቀርበው ለእጮኛ የሚሰጠው 300 ነው። እሱም ቢሆን ሁለታችሁም 18 ዓመት ከሞላችሁ በኋላ በአካል መገናኘታችሁን ይጠይቃል። ገና ካልተያያችሁ ከማመልከቻው ጉዞው ይቅደም፤ ቦርዲንግ ፓሱንም እንዳትጥሉት።