ጀልባ ዳገት የሚወጣው በምን ጉልበት ነው?

የጣርማበር ሾፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ጭነት አመላልሳለሁ። እንግሊዝ አገር ሀደርስፊልድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ፤ ረጅም ቀጭን ጀልባ፣ ከጎኑ ያረጀ የሱፍ ፋብሪካ፣ ከኋላው ተራራ። ጀልባው ተራራውን ተሻግሮ ይሄዳል ይለኛል። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ምን አወጣው? እኔ ጣርማበርን የምወጣው በከባድ ማርሽ ነው።

ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ፦
ወንድምህ አልዋሸህም። እዚያው ከተማ ተምሬአለሁና ካናሉን፣ ለጀልባ የተቆፈረውን የውሃ መንገድ፣ አውቀዋለሁ። 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 74 የድንጋይ ገንዳዎች እንደ ደረጃ ተሠርተውበታል። ጀልባው ከታች ገብቶ በሩ ይዘጋበታል። ከላይ በኩል ያለው የውሃ መሽሎኪያ ሲከፈት ገንዳው ይሞላል፣ ጀልባውም አብሮ ይነሣል። የላይኛውን በር ሰው በጀርባው ገፍቶ ይከፍተዋል፤ ውሃው በሁለቱም ወገን እኩል ካልሆነ ግን ዐሥር ጎረምሳ ቢገፋው ንቅንቅ አይልም።

ጎብኚ ሁሉ በሩን ፎቶ ያነሣል። የሚደነቀው ግን የውሃው ሂሳብ ነው! አንድ ጀልባ ባለፈ ቁጥር አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ ቁልቁል ይሄዳል። ስለዚህ ተራራው ላይ ግድቦች ሠርተው ክረምት ያጠራቅማሉ። የካናሉ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 197 ሜትር ብቻ ነው፤ ለእኛ ቆላ መሆኑ ነው።

እዚያው ጫፍ ላይ ተራራውን ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ሰርስረውታል። ስታንድኤጅ የሚባለው ይህ ዋሻ በእነሱ አቆጣጠር በ1794 ተጀምሮ የተከፈተው በ1811 ነው።

የጣርማበር ሾፌር፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዋሻው ውስጥስ ማን ይጎትተው ነበር?

ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ፦
ሜዳው ላይ ፈረስ ነበር። በጀርባው አንድ ኩንታል የሚሸከም ፈረስ በውሃ ላይ ከ20 ቶን በላይ ይስባል፤ ካናል የተቆፈረውም ለዚህ ነው። ዋሻው ግን የፈረስ መንገድ የለውም። ፈረሱን በተራራው ላይ አዙረው ይወስዱት ነበር፤ ሰዎቹ ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ በጨለማ ያሻግሩት ነበር።

የሞላሌዋ፦
እኛ መንዝ ሴቱ ሱፍ ይፈትላል፣ ወንዱ በቤቱ ባና ይሸምናል። እነሱ ከፋብሪካው በፊት የት ነበር የሚሠሩት?

ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ፦
እንደ እናንተው በየቤታቸው፣ እትዬ። ጎልካር የምትባል የዳገት መንደር ላይ የሸማኔዎቹ ቤቶች ዛሬም አሉ። ፎቁ ላይ መስኮቶቹ ተደርድረው እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ሸማኔ ብርሃን ይፈልጋላ። ፋብሪካዎቹ ወደ ሸለቆው የወረዱት መዘውራቸውን የሚያዞር ወንዝ ፍለጋ ነው። በኋላ እንፋሎት ሲመጣ ካናሉ የድንጋይ ከሰል ያመላልስ ጀመር።

ባቡሩ በ1849 ያንኑ ተራራ በራሱ ዋሻ ሲያልፍ አፈሩ የወጣው በካናሉ ዋሻ በኩል ነበር። ገበያውን ለሚነጥቀው ባቡር መንገድ አወጣለት ማለት ነው። ካናሉ በ1944 ተዘጋ፤ በ2001 ለመዝናኛ ጀልባዎች ተከፈተ።

ሾፌሩ፣ ወንድምህ በባቡር ማርስደን የምትባል መንደር ይውረድ። ከጣቢያው በካናሉ ዳር ትንሽ ከሄደ የዋሻው አፍ ላይ ይደርሳል።