የኬጂ ልጆች የዕይታ ልየታ በሐዋሳ፦ በረቂቅ ዕቅዱ ላይ የአባላት ውይይት

ጸሐፊው፦
ሰላም ለማኅበራችን አባላት። የኬጂ ልጆችን ዕይታ ፈትሾ ችግር ያለባቸውን ስለመለየት እሑድ የተነጋገርንበትን ረቂቅ አሳጥሬ አምጥቻለሁ። እየተቀባበልን እናስተካክለውና ሰኞ ለከተማው ጤና መምሪያ እናስገባው። የዓለም የዕይታ ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሁለተኛ ሐሙስ ይውላል፤ በእኛ መስከረም ማለቂያ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ መሆኑ ነው። በዕለቱ ጉዱማሌ ላይ ድንኳን ጥለን ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ 1,000 ልጆችን ብናይስ? ባነርና ቲሸርት የሚሸፍንልን ሰው አግኝቻለሁ።

ኦፕቶሜትሪስቱ (የዕይታ መርማሪው)፦
ወንድሜ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ድንኳኑን ግን አልወደድኩትም። የ4 ዓመት ልጅ ሁለት ዓይኖቹ በየተራ ተሸፍነው ሳይቸኮል እስኪታይ 5 ደቂቃ ይፈጃል። 1,000 ልጅ 5,000 ደቂቃ ነው፣ ከ83 ሰዓት በላይ። 10 ጠረጴዛ ብንዘረጋ እንኳ ያለ ዕረፍት ከ8 ሰዓት በላይ ሊፈጅብን ነው። እኛ ብንችል ልጆቹ አይችሉም። ሙዚቃ እየጮኸ፣ እናት ከኋላ ሆና «ቤት በል እንጂ!» እያለች የሚመዘገብ ውጤት ምን ይረባል?

ኬጂው ድረስ እንሂድ። በሁለት ጠረጴዛ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30 ከሠራን 72 ልጅ ይደርሰናል፤ ለመክሰስና ለለቅሶ ቀንሰን 60 እንበለው። በ6 ጠዋት 360 ልጅ፣ 4 ኬጂ ማለት ነው።

የኬጂ መምህርቷ (ከታቦር ክፍለ ከተማ)፦
እኔም በዚህ እስማማለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን እንዳትመጡ፣ ይተኛሉ።

ለምን ይህን ያህል እንደምገፋ ልንገራችሁ። የራሴ ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማንም አላወቀለትም። እናቱ ነኝ፣ በዚያ ላይ መምህርት ነኝ፣ እኔም አላወቅኩም። ይማርበት ከነበረው ኬጂ «ቀልቡ አይሰበሰብም» የሚል ማስታወሻ በየሳምንቱ ይላክልኝ ነበር፤ እኔም እቆጣው ነበር። አንድ ቀን ከእህቱ ጋር ሲላፋ ቀኝ ዓይኑን በመዳፏ ከደነችበትና «እማዬ፣ ቤቱ ጉም ሆነ» አለኝ። ለካ ግራው ሰነፍ ዓይን የሚሉት፣ አንጎል ችላ ያለው ዓይን ኖሯል። ሕክምናው ረድቶታል፣ ግን እንደ ቀኙ አልሆነለትም።

ሒሳብ ያዡ፦
አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ በምን ታውቂ። እኔ የማይገባኝ፣ ልጁ ራሱ ለምን አይናገርም? ደግሞ እንደ ካሜራ ደግኖ የሚያነብ መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እሱን ገዝተን ለምን አንገላገልም?

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
ጋሼ፣ ልጁ የማይናገረው ሌላ ዓይነት ማየት ስለማያውቅ ነው። በደህናው ዓይን ይሮጣል፣ ይሥላል፣ ኳስ ይለጋል፤ አንጎሉ ከደካማው ዓይን የሚመጣውን ምስል ችላ ማለት ይለምዳል። ምክንያቱ መንሸዋረር፣ የሁለቱ ዓይኖች የመነፅር ቁጥር መራራቅ፣ አንዳንዴም የዓይን ሞራ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት መነፅር ይታዘዝና ደህናው ዓይን እየተሸፈነ ደካማው እንዲሠራ ይደረጋል። ችግሩ መካከለኛ ከሆነ በቀን 2 ሰዓት መሸፈን ይበቃል። ከ7 ዓመት በኋላ ለሕክምናው ያለው ምላሽ እየቀነሰ ይመጣል፤ አይሞከርም ማለት ግን አይደለም።

መሣሪያው ጥሩ ነው፣ ከ1 ሜትር ላይ በሰከንዶች ያነባል። ዋጋው ግን በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር ነው። የሚያሳየንም ልጁን ለችግር የሚያጋልጠውን ነገር እንጂ ልጁ ምን ያህል እንደሚያይ አይደለም። ለእኛ የሌአ ሰሌዳ ይበቃናል። ፊንላንዳዊቷ የዓይን ሐኪም ሌአ ሂቫሪነን በ1976 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀችው ነው፤ ክብ፣ ካሬ፣ ቤትና ፖም ብቻ አሉበት፣ በ3 ሜትር ርቀት ይታያል።

ሲስተር፦
ፖም! የእኛ ልጆች ፖም የት ያውቃሉ? ለሙከራ ለአንዲት የ4 ዓመት ልጅ ሳሳያት «ልብ» አለችኝ። ወንድሟ ደግሞ «ቂጥ ነው» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው።

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
ሲስተር፣ ቂጥም ቢለው አልፏል። መጀመሪያ ከቅርብ አሳይተሽ የራሱን ስም እንዲያወጣለት ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ ከሩቅ ሲያየው ያንኑ ስም ከደገመ በቃ። አፉን አልከፍት ካለ አራቱ ሥዕሎች ያሉበትን ካርድ ጭኑ ላይ አድርጊለትና በጣቱ ይጠቁም። ሲዳምኛም ወላይትኛም አማርኛም የሚናገሩ ልጆች ባሉበት ከተማ ይሄ ካርድ አስተርጓሚ ያስቀርልናል።

ሰሌዳውን ፎቶ ኮፒ እንዳናደርግ፣ መጠኑ ይዛባል። ዓይኑን በእጁ እንዲሸፍን አትተዉት፣ በጣቶቹ መሐል ያጮልቃል። ፕላስተር ይለጠፍለት። እንቢ ያለውን ልጅ «አለፈ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ሌላ ቀን ይደገም። ፈተናውን ካለፉት ይልቅ አልፈተን ያሉት ላይ ችግር የመገኘቱ ዕድል ይበልጣል።

አንድ አባል (ከቱላ)፦
በዚያው ትራኮማንም ብናይስ?

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
ትራኮማን ለማየት የዓይን ቆብ መገልበጥ ከጀመርን ሁለተኛው ልጅ ዘንድ ሳንደርስ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ፊቱ ያልጸዳ፣ ዓይኑ የቀላ ካለ መዝግበን ለጤና ጣቢያ እናሳውቅ።

ሲስተር፦
የእኔ ጭንቀት ከልየታው በኋላ ያለው ነው። ከዚህ በፊት አንድ ዘመቻ ላይ ሠርቻለሁ፤ የማን እንደነበር ይቅር። የሪፈር ወረቀት አድለን፣ ፎቶ ተነሥተን ሄድን። ከ5 ወር በኋላ ለሌላ ሥራ አንድ ቤት ስገባ የራሴን የእጅ ጽሑፍ ከውሃ ቢል ጋር ታጥፎ አገኘሁት። እናትየው አልዋሸችኝም፦ «አንድ ቀን ሆስፒታል ከዋልኩ የዚያን ቀን እንጀራ የለም። ደግሞ በልጅነቱ መነፅር ከለመደ ዓይኑ ይሰንፍበታል አሉኝ።» መልስ አጣሁላት። መነፅሩን ማን ይገዛል? የባጃጁንስ?

ሒሳብ ያዡ፦
እንግዲህ ቲሸርቱ ይቅር። ግማሹ በጀት ለመነፅርና ለመጓጓዣ ይያዝ፣ ለሌላ ነገር እንዳይነካ በቃለ ጉባኤ ይግባ። ስፖንሰሩ ስሙ ደረት ላይ ካልተጻፈ የሚል ከሆነ በመነፅር ማኅደር ላይ እንጻፍለት።

ጸሐፊው፦
ጋሼ፣ ሰውየውን እርስዎ ያነጋግሩልኝ፤ እኔን እንቢ ይለኛል።

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
ሆስፒታል ሲሄዱ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ እንደሚደረግላቸው ለወላጅ አስቀድመን እንንገር። የልጅ ዓይን አጥርቶ ለማየት ስለሚታገል ያለ ጠብታ ትክክለኛው ቁጥር አይገኝም። ቅርቡ ይደበዝዝበታል፣ ብርሃን ይወጋዋል፤ ሳይነገራት የሄደች እናት «ዓይኑን አጠፉት» ብላ ሰፈሩን ታሸብራለች።

ጸሐፊው፦
እንግዲህ እንዲህ ተስተካክሏል። ድንኳኑ ቀርቷል። 4 ኬጂ፣ ሁለቱ ከታቦር፣ አንዱ ከምናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ አንዱ ከቱላ፤ 360 ልጅ በ6 ጠዋት። የወላጅ ፈቃድ በአማርኛና በሲዳምኛ ይዘጋጃል፣ ያልፈረመ አይታይም። ወደ ሆስፒታል የሚላከው፦ የ3 ዓመት ልጅ የሰሌዳውን 6/15 መስመር፣ የ4 ዓመት ልጅ 6/12ን (ሁለተኛው ቁጥር ሲያንስ ሥዕሉም ያንሳል) በአንዱም ዓይን ቢሆን ካላነበበ፣ ወይም በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል የ2 መስመር ልዩነት ካለ፣ ወይም ዓይኑ ከሸወረረ። ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር የሚያበራበት ልጅ ከተገኘ ቀጠሮ የሚባል የለም፣ በዚያው ዕለት ይወሰዳል። ለሪፈራል ሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከ6 ሳምንት በኋላ ሲስተርና መምህርት ወደ ኬጂዎቹ ተመልሰው ማን እንደታከመ፣ ማን መነፅሩን እንዳደረገ ያያሉ። ለመምሪያው የምናቀርበው ቁጥርም ይሄው ይሁን፤ ስንት ልጅ አየን የሚለው ከሥሩ ይጻፍ።

የኬጂ መምህርቷ፦
የ5 ዓመቶቹን ረሳህ።

ጸሐፊው፦
ይቅርታ። ኦፕቶሜትሪስታችን፣ ስንት ልጻፍ?

ኦፕቶሜትሪስቱ፦
6/9 በለው። ደግሞ ሜትር እየፈለግን ጊዜ እንዳናባክን በ3 ሜትር የተቋጠረ ሁለት ገመድ ይዤ እመጣለሁ። ፕላስተሩ ግን የሚያሳክክ እንዳይሆን፣ ሲስተር አንቺ ምረጪልን።