ዲቢኤክስ 224 አገናኝቼ የአያቴ መንዙማ ተቆራረጠብኝ፣ ምን ላድርግ?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለእረፍት ስትመጣ አሮጌ ዲቢኤክስ 224 ይዛልኝ መጣች፣ የካሴት ሽሽታ ያጠፋል ተብላ ነው። አባቴ በ1978 ዓ.ም. በትንሽ የእጅ ቴፕ የቀዳው አንድ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አለን፣ አያቴ ቤት ውስጥ ከጎረቤት ሴቶች ጋር መንዙማ ስትል ነው፣ ካረፈች ወዲህ ድምጿ የቀረልን እሱ ላይ ብቻ ነው። ግን ሽሽታው ከድምጿ እኩል ነው ማለት ይቻላል።

መሳሪያው የአሜሪካ ስለሆነ በ220 እንዳይቃጠል ከመርካቶ ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዛሁለት፣ ከዛ በካሴት ዴኩና በአምፕሊፋየሩ መሃል አስገባሁት። ስከፍተው መጀመሪያ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ጸጥ ረጭ አለ፣ ደስ ብሎኝ እናቴን ጠራኋት። አያቴ ስትጀምር ግን ድምጿ ዘሎ ይወጣል፣ ትንፋሽ ስትስብ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፣ ሴቶቹ ዝቅ ብለው ሲቀበሏት ጭራሽ የሉም፣ ድቤው በተመታ ቁጥር ደሞ ሽሽታው አብሮ ብቅ ጥልቅ ይላል። እናቴ "ይሄ እሷን አይመስልም፣ ንቀለው" ብላ ወጣች። ገመድ አሳስቼ ነው ወይስ መሳሪያው ተበላሽቷል?

ቴፕ ሰሪው፦
ወንድሜ መሳሪያህ ምንም አልሆነም፣ ልክ እንደተሰራለት ነው እየሰራ ያለው፣ ችግሩ ካሴቱ የእሱ አለመሆኑ ነው። እኔ 30 ዓመት ቴፕ ስጠግን ሰው ሁሉ የሚስተው ይሄን ነው፣ ሽሽታ ማጥፊያ ማለት እንደ ወንፊት ቆሻሻውን የሚለይ ይመስላቸዋል። አይደለም። የስራው ግማሽ ሲቀዳ ነው ግማሹ ሲከፈት። ዲቢኤክስ ሲቀዳ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ድምፅ መሃል ያለውን ርቀት በግማሽ ያጥፈዋል፣ ስለዚህ ዝቅ ያለው ድምፅ ከክሩ ሽሽታ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲከፈት መልሶ ሲዘረጋው ሽሽታው አብሮ ወደታች ይወርዳል፣ 30 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ። አባትህ ሲቀዱ ግን ማን አጠፈው? ያልታጠፈ ነጠላ ልዘርጋ ብለህ ብትጎትተው ይቀደዳል። አያትህና ተቀባዮቹ መሃል የ10 ዲቢ ልዩነት ከነበረ አሁን 20 ሆኗል፣ ሴቶቹ የጠፉት ለዛ ነው።

የተገዙ ካሴቶችም ቢሆኑ ሽፋናቸው ላይ ሁለት ዲ ጀርባ ለጀርባ ካየህ ዶልቢ የሚባለው ሌላ ሽሽታ ማጥፊያ ነው እንጂ ዲቢኤክስ አይደለም፣ አንዱ የሌላውን አይፈታም። ዶልቢ ቢ (እንደ ፈረንጆቹ በ1968 የወጣው) ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው የሚነካው፣ 10 ዲቢ ያህል ይቀንሳል፣ ለዛ ነው ያለ ዶልቢ ቢከፈትም ትንሽ ደመቅ ይላል እንጂ የማያስጠላው። ዲቢኤክስ ግን ምህረት የለውም።

የሂርማታ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ታዲያ ለዚህ ካሴት ምንም አይጠቅመኝም ማለት ነው? በጣም ነው ያዘንኩት

ቴፕ ሰሪው፦
ለእሱ አይጠቅምህም፣ አትዘን ግን፣ ሌላ የምታደርገው አለ። መጀመሪያ መሳሪያውን ባይፓስ አድርገው (ድምፁ ሳይነካ እንዲያልፍ) ወይ ንቀለው፣ የዴኩንም ዶልቢ አጥፋ። ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን) በንጹህ አልኮልና በጥጥ ጥረግ፣ ክሩን የምትስበውን ጎማም አትርሳ፣ ቡናማ ነገር ይወጣልሃል። ከዛ ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈልግ፣ የነበረችበትን ቦታ በእስክርቢቶ ምልክት አድርግባት፣ ካሴቱ እየሄደ ማግኔት ባልሆነ ቀጭን ካቻቢቴ በጣም በጣም በትንሹ ወዲህና ወዲያ አዙራት፣ የአያትህ "ስ" እና "ሽ" ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ አቁም። የአባትህ ቴፕ ሄድና የአንተ ዴክ ሄድ አንግላቸው አንድ ካልሆነ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል፣ ታፍኖ ሽሽታው ብቻ ይቀራል። ከጨረስክ በኋላ ወደ ምልክቷ መልሳት አለበለዚያ ሌላው ካሴትህ ይታፈናል።

ቂጦ ፉርዲሳ፦
ጋሼ በተናገሩት ላይ ልጨምር፣ እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ። ካሴቱን ደጋግመህ አትክፈተው፣ በዚህ ከተማ ዝናብና እርጥበት ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፣ በካሴቱ መስኮት እያየህ አረጋግጥ፣ ካለው ሳይጸዳ አታስገባው። ብሎኗን ካስተካከልክ በኋላ አንዴ በደንብ ወደ ኮምፒውተር ቅዳው፣ ዋቭ፣ 24 ቢት፣ ምንም ሳትነካካው። ያን ኦሪጅናል አስቀምጥና ኮፒው ላይ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ሞክር፣ ባዶውን ቦታ መርጠህ ሽሽታው ይሄ ነው ብለህ ታሳየዋለህ፣ ከዛ 6 ቢበዛ 9 ዲቢ ብቻ ቀንስ። ከዛ በላይ ከሄድክ ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

የሂርማታ ልጅ፦
ሶስት ቀን ጠፋሁ ይቅርታ፣ መብራት እየሄደ ነው። ብሎኗን ሩብ ዙር እንኳን አላዞርኳትም፣ ድምጿ ከብርድ ልብስ ስር እንደወጣ ሆነ፣ ሴቶቹም አሉ፣ አንዷ አክስቴ እንደሆነች ለየኋት። ሁለተኛው ገፅ ላይ ግን ሽሽታው ጨምሮ ነበርና ልቀንሰው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ፣ "እሱ እኮ ዝናቡ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ፣ የዛን ቀን ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልቻለም ነበር" አለችኝ። አልነካሁትም፣ እንዳለ አስቀመጥኩት።

ዲቢኤክሱን አሁን እናቴን ልቀዳበት ነው፣ እሷም ታውቃለች መንዙማውን። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ሬክ አውት (የመቅጃ መውጫ) ወደ መሳሪያው፣ ከመሳሪያው ወደ ዴኩ፣ ከዴኩ ተመልሶ ወደ መሳሪያው፣ ከዛ ወደ አምፕሊፋየሩ ቴፕ ሞኒተር (የቴፕ መግቢያ) አድርጌዋለሁ፣ ልክ ነኝ? ካሴትስ ባለ 60 ይሻላል ወይስ ባለ 90?

ቴፕ ሰሪው፦
ልክ ነህ። 60 ውሰድ፣ የ90 ክር ቀጭን ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይም ዲቢኤክስ ብለህ ጻፍበት፣ ከ30 ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ይቸገራል።